ቍጥርን በቃል ስለ መያዝ

ባለፈው ክረምት በነሐሴ ወር፥ ሌሊቱ ከስድስት ሰዓት ሲያልፍ፥ ከወጥ ቤታችን ጢስ ተነሣ። ከሁላችን አስቀድመው የነቁት እናቴ ናቸው። እንቅልፋቸው ቀላል ስለ ሆነ ሽታውን ለይተው «ልጆች፥ ተነሡ፥ ቤቱ ይጤሳል» ብለው ሲጣሩ ዘለን ተነሣን። ባለቤቴ ልጆቹን አቅፋ ወደ ግቢ ወጣች፤ እኔም የእሳት አደጋ ሰዎችን ለመጥራት ስልኬን አንሥቼ ጣቴን ዘረጋሁ፤ ጣቴም እንደ ተዘረጋ ቀረ። ቍጥሩ ጠፋኝ። ሦስት አኃዝ ብቻ መሆኑን፥ በዘጠኝም መጀመሩን ዐውቃለሁ፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ያን ጊዜ ቢገርፉኝም አላወጣቸውም ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ፥ ለእንዲህ ያለው ቀን ይሆናል ብዬ በገዛ እጄ በትልልቁ ጽፌ የለጠፍሁት ወረቀት መኖሩ ነው። የተለጠፈውም በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነበረ።

እግዚአብሔር ይመስገንና ጎረቤቶቻችን ደረሱልን። አንደኛው የመብራቱን ቈጣሪ ዘጋ፤ ሌሎቹ በአፈርና በእርጥብ ጆንያ እሳቱን አፈኑት። የጠፋብን ንብረት አንድ መደርደሪያና አንድ መጋረጃ ነው፤ ጣራውም ጠቍሯል። ነገር ግን በነጋታው ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ እናቴ ቀና ብለው አዩኝና፥ «አንተ ልጅ፥ ዳዊትን በቃልህ ደግመህ አልነበረምን? ሦስት ቍጥር እንደምን አቃተህ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው እንደ ተግሣጽ ነበረና ለጊዜው መልስ አልሰጠሁም። በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። መቶ ኀምሳ መዝሙር የያዘ ልቡና ሦስት አኃዝ የሚጥለው ስለ ምንድን ነው? ልቡናው ጠባብ ሆኖ እንዳይባል፥ የያዘው ብዙ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከልቡናው ሳይሆን ከሚቀመጠው ዕቃ ነው። ቃል መልክ አለው፤ ዘመድ አለው፤ «በሬ» ሲባል ቀንዱና ቀንበሩ አብረው ይታያሉ፤ ያንዱ ቃል ጫፍ ሁለተኛውን ስቦ ያመጣዋል። አኃዝ ግን መልክ የለውም። 939 ቢሉትም 993 ቢሉትም ለዐይነ ልቡና አንድ ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቀንድ አላበቀለም።

ይህን ነገር የውጭ አገር ሊቃውንት በብዙ መርምረውታል። አሜሪካዊው ሊቅ ጆርጅ ሚለር በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ዓመት ባወጣው ጽሑፍ፥ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ወዲያው ሊደግመው የሚችለው ሰባት ያህል ነገር ነው፤ ቢበዛ ሁለት ይጨምራል፥ ቢያንስ ሁለት ይጐድላል ሲል ገልጧል። ከዚህም በኋላ በ1980 በዚያው በአሜሪካ ቼዝና ኤሪክሰን የተባሉ ሁለት መምህራን የአንድ ተማሪን ነገር ጻፉ። ይህ ተማሪ ሲጀምር እንደ ማንኛውም ሰው ሰባት አኃዝ ያህል ብቻ ይይዝ ነበር። ከ230 ሰዓት በላይ ከተለማመደ በኋላ፥ በየአንድ ሰከንድ አንድ አኃዝ እየተነበበለት፥ ሰባ ዘጠኝ አኃዝ ሳያዛንፍ ለመድገም በቃ። ምሥጢሩም ይህ ነው፤ ተማሪው ሯጭ ነበረና የሚሰማውን ቍጥር ሁሉ የሩጫ ሰዓት ያደርገው ነበር። 3492 ሲባል፥ ሦስት ደቂቃ ከአርባ ዘጠኝ ሰከንድ ከሁለት ዐሥረኛ፥ የአንድ ማይል ሩጫ ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔን እጅግ የገረመኝ ግን ፍጻሜው ነው፤ በአኃዝ ፈንታ ፊደል ሲያነቡለት ከስድስት ያህል ማለፍ አልቻለም። ስለዚህ ልቡናው አልሰፋም፤ የተማረው ቍጥርን ልብስ ማልበስ ብቻ ነው።

ልብሱ ቃል እንዲሆን ማሰብ ደግሞ የቈየ ጥበብ ነው። በሕንድ አገር የቀድሞ ሊቃውንት ለፊደሎቻቸው ለእያንዳንዱ አኃዝ መድበው የከዋክብትን ሒሳብ በቃልና በግጥም ይይዙት ነበር። በደቡብ ሕንድ የሚዜሙት ሰባ ሁለቱ መሠረታውያን የዜማ ስልቶች እስከ ዛሬ ድረስ የስማቸው መጀመሪያ ሁለት ፊደል ተራ ቍጥራቸውን ይናገራል፤ ስሙን የሰማ ተማሪ ተራውን ማንንም አይጠይቅም። በኤውሮፓም ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ኤሪጎን በ1634 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ቍጥርን በፊደል የመለወጥ ሥርዓት አሳየ፤ እንግሊዛዊው ቄስ ሪቻርድ ግሬይም በ1730 የነገሥታትን ዘመን ለመያዝ የሚረዳ መጽሐፍ አወጣ። ኋላም የፈረንሳይ ሰው ኤሜ ፓሪ ሥርዓቱን አቃንቶት ለዐሥሩ አኃዝ ዐሥር ዐይነት ድምፅ ተወሰነ።

በእኛም አገር ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ መምህር የዘመኑን ወንጌላዊ ለማወቅ መዝገብ አይገልጥም። ዓመተ ምሕረቱን በ5500 ላይ ደምሮ ለአራት ይከፍላል፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፥ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የዐድዋን ዓመት ብንወስድ፥ 1888 በ5500 ላይ ሲደመር 7388 ይሆናል፤ ለአራት ሲከፈል ትርፍ የለውምና ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በየትኛው ዓመት ነው ቢባልም፥ «በሉቃስ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሳያውቀው ቍጥር በስም ይዟል ማለት ነው። የዕለታቱም ተውሳክ እንዲሁ ነው፤ ከቅዳሜ ስምንት ተነሥቶ እሑድ ሰባት፥ ሰኞ ስድስት እያለ እየወረደ ዓርብ በሁለት ያበቃል። አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ ሁልጊዜ ሠላሳ ስለሚሆኑ፥ አንዱን የያዘ ሁለተኛውን መያዝ አያስፈልገውም። አባቶቻችን ቍጥርን ራቁቱን አላሳደሩትም።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ለቤቴ የሚሆን ሥርዓት ለማበጀት ተቀመጥሁ። የፈረንጆቹ ፊደል ለአማርኛ አይመችም፤ ለእኛ የሚሻለው እያንዳንዱ አኃዝ ከገዛ ስሙ አንድ ፊደል ቢሰጠን ነው ብዬ አሰብሁ። ስለዚህ አንድ ከስሙ መካከል ነ ይሰጣል፤ ሁለት ለ፤ ሦስት ሰ፤ አራት ረ፤ አምስት መ፤ ስድስት ደ፤ ሰባት በ። በስምንት ላይ ጥቂት ተቸገርሁ፤ ሰውም፥ መውም፥ ነውም አስቀድመው ተይዘዋልና የተረፈውን ተ ወሰድሁ። ዘጠኝ ጠ ይሰጣል፤ ዜሮ ደግሞ ዘ። የቀሩት ፊደሎች፥ ሀና አ፥ ወና የ፥ ከና ቀ፥ ገና ፈ፥ ሌሎችም፥ ቍጥር የላቸውም፤ ቃሉን ለማሳመር ብቻ ይገባሉ። ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ አንድ ናቸው። ፊደሉ በግዕዝም ይሁን በካዕብ ወይም እስከ ሳብዕ ባለው ቢነገር ቍጥሩ አይለወጥም። በአማርኛ ቃል ውስጥ አጥንቱ ተነባቢው ፊደል መሆኑን ሰዋስው የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ ሰበረ፥ ሰባሪ፥ ስብር ብንል ሁሉም 374 ናቸው። ስለዚህ ሥርዓቱ ከቋንቋችን ጠባይ ጋራ ይስማማል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የዐውደ ነገሥት ነገር ይመስለው ይሆናል፤ እኛ ግን የማንንም ዕድል አንቈጥርበትም፤ የምንቈጥረው ስልክ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያቺን ያሳፈረችኝን ቍጥር አስቀድሜ አነሣሁ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ጥሪ 939 ነው። ጠ፥ ሰ፥ ጠ። ከወረቀቱ ላይ ጥቂት እንዳፈጠጥሁ ቃሉ ራሱ መጣ፤ «ጢስ ወጣ»። ወ ቍጥር የለውምና፥ ጢ ዘጠኝ፥ ስ ሦስት፥ ጣ ዘጠኝ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ባለቤቴን ጠራሁ። ቀጥሎ የፖሊስ ጥሪ 991 ነው፤ ጠ፥ ጠ፥ ነ፤ ይኸውም «ጣጣ ነው»። ፖሊስ የሚጠራው ለሌላ ምን ይሆናል? የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907 ነው፤ ጠ፥ ዘ፥ በ። ይህ ጥቂት አስቸገረኝ፤ በመጨረሻ ግን «ወጥ ይዞ ገባ» ሆነ፤ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ጠያቂ ሰሓን በጨርቅ ሸፍኖ ሲገባ ይታየኛል። መጀመሪያ ያሰብሁት «ጠጅ ይዞ ገባ» ነበረ፤ ቍጥሩ ያው ነው፤ ባለቤቴ ግን ለልጆች የሚነገር አይደለም ብላ ከለከለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ልጆቹንና ከእኛ ጋራ የምትኖረውን የእኅቴን ልጅ ሰብስቤ ፈተንኋቸው። የፖሊሱን ሁሉም መለሱ። የእሳቱን ስጠይቅ ግን የእኅቴ ልጅ ፈጥና «39» አለች። ከየት አመጣሽው ብላት «ጭስ ወጣ» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ በከተማው አነጋገር ጢስ የሚል ማን አለ? ጨ በሥርዓታችን ቍጥር ስለሌለው የፊተኛው ዘጠኝ ተኖ ጠፋ። ታናሹ ልጄም «ጢስ አለ» ብሎ 932 አወጣ። በዚህ ጊዜ የዚህን ጥበብ ድካም በግልጥ ተረዳሁ። ልቡና የቃሉን ትርጓሜ ይይዝና ቃሉን ይለውጠዋል፤ ትርጓሜው ያው ነው፥ ቍጥሩ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ቃሉ ሳይለወጥ እንደ ጸሎት በአንድ አነጋገር ብቻ መደገም አለበት። ልጅቱ አሁን «ጢስ» የምትለው እንደ አያትዋ አድርጋ ነው፤ እንደ ቀልድ ሆኖባት ይኸው አልረሳችውም።

የስልክ ቍጥር ዐሥር አኃዝ ስለ ሆነ ረዥም ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን የእጅ ስልክ መጀመሪያው 09 ወይም 07 ነው፤ ያንን ማንም አይረሳውምና የሚቀረው ስምንት ነው። ስምንቱንም በሦስት በሦስት ከፍሎ በመጨረሻ ሁለት ማስቀረት ይሻላል። ለምሳሌ በመካከሉ 325 ከዚያም 174 ያለበት ቢሆን፥ 325 «ሰላም» ነው፥ 174 «ነብር» ነው። እንግዲህ ልጁ በደጃችን ነብር ቆሞ ሰላም ሲለው ይታየው። ነገሩ የማይሆን በሆነ መጠን ይበልጥ ይጣበቃል፤ ሕፃን የሚስቅበትን ነገር አይረሳም። በበዓል ቀን በሕዝብ መካከል ከእናቱ እጅ ያመለጠ ልጅ ስምህን ቢሉት ይናገራል፥ የአባትህ ስም ቢሉት «አባባ» ይላል፤ የእናቱን ስልክ ግን ጠያቂው ሊያውቅለት አይችልም። ቀድሞ አባት የቤቱን ስልክ ያውቅ ነበር፤ አሁን ስልኩ ራሱ ስለሚያውቅልን እኛ ረስተነዋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የባለቤቱን ቍጥር ስልኩን ሳይመለከት የሚናገር ስንቱ እንደ ሆነ ዛሬ ማታ በየቤቱ ይሞከር። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም ነበር፤ ባለቤቴም ይህንን በጥሩ ዐይን አላየችውም።

ለመለማመድ ብዙ ድካም የለውም። ባንድ ቀን መቶ ጊዜ ከመድገም፥ ዛሬ አንድ ጊዜ፥ ነገ አንድ ጊዜ፥ ከሦስት ቀን በኋላ፥ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ መጠየቅ ይበልጣል። ደግሞ መብራት አጥፍቶ መጠየቅ መልካም ነው፤ በቀን ብርሃን ተቀምጦ ያወቀ ሰው በድንጋጤ ጊዜ ማወቁን አይመን፤ እኔ ምስክር ነኝ።

በመሥሪያ ቤት ላሉትም የመዝገብ ቍጥርና የደብዳቤ ቍጥር እንዲህ ቢይዙት ይጠቅማል፤ ሆኖም ሁሉን ልያዝ ማለት ከንቱ ድካም ነው። በ2015 በኤውሮፓ አቈጣጠር አንድ የሕንድ ወጣት ዐይኑን ተሸፍኖ የክብን ዙሪያ የሚለካውን የፓይ ቍጥር እስከ 70,000 አኃዝ ድረስ በቃሉ ተናገረ፤ ዐሥር ሰዓት ያህል ፈጀበት። ትጋቱ ይደነቃል፤ ለቤት ግን ምን ይረባል? በዓመት አንድ ጊዜ የሚፈለግ ቍጥር በወረቀት ይቀመጥ፤ ወረቀቱም ከወጥ ቤት ውጭ ይለጠፍ። የባንክን የምሥጢር ቍጥር ደግሞ በቃል ያለበሰ ሰው ቃሉን ለልጆች አያስተምር፤ ልጅ የሚያስቅ ነገር ሲያገኝ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራል።

አንዳንዱ ቍጥር ግን ለጥቅም ሳይሆን ለፍቅር ሊያዝ ይገባዋል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ሩጫ ሲያሸንፍ የፈጀበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበረ። አንድ ማታ ልጄ ይህን ቍጥር በቃል እንዳለብስለት ለመነኝ። 21516፤ ለ፥ ነ፥ መ፥ ነ፥ ደ። እኔ ስታገል እርሱ ቀደመኝና «ለነገ መንገድ» አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ ቈጠርነው፤ ልክ ነው። ከአበበ በኋላ ማሞ ወልዴና ሌሎቹም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸውና፥ ያን ማታ ቤታችን ጸጥ አለ።

እናቴ እስከ አሁን ድረስ በአንድ ነገር አልተስማሙም። «ወጥ ይዞ ገባ» የሚለውን ሲሰሙ፥ «ለታመመ ሰው ወጥ አይወሰድም፤ ሆድ ይከብዳል» ብለው ተቃወሙ። ቍጥሩ እንዳይፈርስ ሰግቼ ብለምናቸውም እንቢ አሉ። ሥርዓቱን ግን ከልጆቹ ሲሰሙ ለካ ተምረውት ኖሮ፥ በማግሥቱ ጧት አስጠርተውኝ «ጤፍ ይዞ ገባ ይሁን፤ የቤት ሰው ይቸገራልና ጤፍ ማምጣት ደግ ነው» አሉኝ። በጣቴ ቈጠርሁ፤ ጤ ዘጠኝ፥ ፍ የለውም፥ ዞ ዜሮ፥ ባ ሰባት። አሁን በቤታችን ልጆቹ ወጥ ይላሉ፥ እናቴ ጤፍ ይላሉ፤ ሁለቱም 907 ነው።